ድንቅነሽ፣ የሾላ ዶሮና «ከዝንጀሮ መጣን ወይ?»

የበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ገብቶ የማያውቅ ሰው አዲስ አበባን አውቃታለሁ ቢለኝ አልቀበለውም። እናላችሁ ባለፈው እናቴን ተከትዬ ገባሁ። የኔ ድርሻ ዘንቢል መያዝና አፍ መዝጋት ነው። እሷ ዶሮ ታነሳለች፣ ደረቱን ትዳብሳለች፣ መዘን አድርጋ ትመልሳለች።

«ልጄ፣ ይሄማ ድቅል ነው፤ የአበሻውን አምጣ።»

«እናቴ ሙች፣ ይሄ ድቅል ከሆነ እኔም ድቅል ነኝ!»

ሳቅን። እኔ ግን ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ዳርዊን ማሰብ ጀመርኩ። አትሳቁ! ሰውዬው በ1859 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) «የዝርያዎች አመጣጥ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትም የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ለለማዳ እንስሳት ነበር፤ በተለይ ለርግብ። አርቢዎች የወደዱትን እየመረጡ ሲያራቡ ከአንድ የዱር ርግብ ስንት ዓይነት እንዳወጡ አሳየ። ከዚያ ጥያቄውን አስከተለ፦ መራጭ ሰው በሌለበትስ?

የኛን ዶሮዎች ውሰዱ። የአበሻውም የፈረንጁም ጥንተ አያት የእስያ የዱር ዶሮ ነው። የፈረንጁን ሰው ለእንቁላልና ለሥጋ እየመረጠ አራባው። የአበሻውን ግን ገበሬው ብቻ አይደለም የመረጠው፤ ጭልፊቱም፣ ፈንግሉም፣ የክረምቱ ብርድም መርጠውታል። ያመለጠው ጫጩት አድጎ ወለደ፤ ያላመለጠው ዘር አልተወም። ተፈጥሯዊ ምርጫ ማለት በቃ ይሄ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ልጆች ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ይወረሳል፤ የሚወለደው ሁሉ አይተርፍም። በዚህ ላይ ብዙ ሺህ ትውልድ ጨምሩበት።

«ሰው ላይስ?» ካላችሁ፣ ከሾላ ቀና ብላችሁ እንጦጦን እዩት። ጫፉ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ እዚያ ቢሮጥ ሳንባው ያፏጫል። ለምን እኛ ቻልነው? በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን ደም መርምሮ ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደም ሄሞግሎቢኑ በዝቶ ይወፍራል። የቲቤቶቹ ሄሞግሎቢን አይበዛም፤ ግን በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የሰሜን ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም ባሕር ዳርቻ ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ! አንድ ፈተና፣ ሦስት መልስ። በ2012 የወጡ የዘረመል ጥናቶችም በኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ላይ የተፈጥሯዊ ምርጫ ምልክት አግኝተዋል።

አሁን ወደ አጥንቱ። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ደርግ አዲስ አበባ ውስጥ 60 ያህል የንጉሡን ባለሥልጣናትና መኮንኖች ረሸነ። በማግስቱ እሑድ ህዳር 15፣ አፋር ሃዳር ላይ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ከአሸዋ ውስጥ የክንድ አጥንት አዩ። ሀገር አዲስ ሬሳ ስትቆጥር 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተኛችው ብቅ አለች። ማታ ካምፑ ውስጥ ቢትልስ ሲዘፍኑ ስለነበር ሉሲ ተባለች፤ እኛ ድንቅነሽ አልናት።

ድንቅነቷ ምኑ ላይ ነው? ከአፅሟ 40 በመቶ ገደማ ተገኝቷል። የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት በሁለት እግሯ ቆማ እንደሄደች ይመሰክራል። የዝርያዋ አንጎል ግን ከኛ ሲሶ ገደማ ነው። ድሮ ብዙ ምሁራን መጀመሪያ ያደገው አንጎል ነው ይሉ ነበር፤ ድንቅነሽ «መጀመሪያ ቆመን ሄድን» አለቻቸው። ዕድሜዋን የተናገረው አጥንቱ ሳይሆን አብሮት ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ እንደ ሰዓት ይቆጥራል።

ከዚያ በኋላ የኛም ልጆች ገቡበት። ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በ1994 አራሚስ ላይ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን አርዲን የመጀመሪያ አጥንቶች አገኘ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ሰላምን አገኘ፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሞላት ሕፃን! ብርሃነ አስፋው የተሳተፈበት ቡድን በ1997 ሄርቶ ላይ ያገኛቸው ሰዎች ደግሞ 160 ሺህ ዓመታቸው ነው፤ እነዚህ እንደኛው ሰው ናቸው። በ1967 ኦሞ ኪቢሽ የተገኙት አጥንቶች በ2022 እንደገና ሲለኩ 230 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኑ።

ወዳጄ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያመኝ። «ምድረ ቀደምት» የሚል ቲሸርት እንለብሳለን፤ አጥንቶቹ ምን እንዳሉ ግን ስንቶቻችን ጠየቅን? ሠፈራችን ውስጥ ጥያቄው ገና «ከዝንጀሮ መጣን ወይ?» ላይ ቆሟል፤ የጠየቀም ልጅ ይገሠጻል። ወዲህ ደግሞ «እዚህ መሬት ላይ ማን ቀድሞ ሠፈረ» እያልን እንጣላለን። ሄርቶ ላይ የተኙት ሰዎች የማናችንም ብሔር ስም አልነበራቸውም፤ ዘመዶች ግን ነን።

ይሄን ሁሉ ለእናቴ ተረኩላት። ሽንኩርቱን እየላጠች ዝም ብላ ሰማችኝና፦

«እና ከዝንጀሮ ነው የመጣነው ነው የምትለኝ?»

«አይደለም እማዬ። የዛሬዋ ጦጣ አያታችን አይደለችም። ቺምፓንዚና እኛ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት አንድ አያት ነበረን፤ ከዚያ ተለያየን። የአክስት ልጅ እንጂ እናት አይደለችም።»

ትንሽ አሰበችና፦ «እንደ ዶሮዎቹ በለኛ!» አለች።

እኔ 600 ቃል የፈጀብኝን፣ እሷ በሦስት ጨረሰችው። ይልቅ አንድ ቀን ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ስትወጡ ብሔራዊ ሙዚየም ጎራ በሉ።