የየጁ እንደራሴዎች

በአገራችን የመንግሥት አነጋገር ውስጥ «እንደራሴ» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ጌታ የቀያየረ ቃል ያለ አይመስለንም። አፈጣጠሩ ግልጥ ነው፤ አንድ ሰው ሌላውን በስፍራው ተክቶ «ይህን እንደ ራሴ ቍጠሩት» ሲል የሚሰጠው ስም ነው። ስለዚህ እንደራሴ የሚባል ሰው በተገኘ ቍጥር ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው እንደ ማን ነው? «ራሴ» ብሎ የላከውስ ማን ነው? ይህንኑ ጥያቄ ይዘን የአንድ አውራጃን ታሪክ ብንከተል መልሱ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለዋወጠ ለማየት እንችላለን። እኛም ለዚህ የመረጥነው የጁን፥ ይኸውም ወልድያን፥ መርሳንና ሀብሩን የያዘውን የሰሜን ወሎ ምድር ነው።

ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገደኛ የአምባሰልን ምድር አልፎ ሲወርድ ሀብሩ ይቀበለዋል። መርሳ በዚሁ መንገድ ላይ የተቈረቈረች የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ እየቆላ እየቆላ ሄዶ ወደ አፋር ሜዳ ይገባል። ከመርሳ ወዲያ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በተራራ ሥር የተቀመጠችው ወልድያ ትገኛለች። ሕዝቡ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ገበያ የሚውል፥ አብሮ የሚያለቅስና አብሮ የሚድር ነው። ኑሮው በእርሻ ነው፤ እርሻው ደግሞ ዝናብ ጠባቂ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የጁ ለኢትዮጵያ እንደራሴን የሰጠው ፓርላማ የሚባል ነገር በአገሩ ከመታወቁ ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ነበረ። በ1776 ዓ.ም. አካባቢ ታላቁ አሊ የሚባሉት ራስ አሊ ቀዳማዊ በጎንደር የመንግሥቱን ሥልጣን ያዙ። ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የየጁ ቤት መሳፍንት፥ በመካከላቸውም ራስ ጉግሣ መርሣ፥ በመጨረሻም ራስ አሊ ዳግማዊ፥ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ እየተባሉ አገር ገዙ። ንጉሡ በጎንደር ግቢ ዘውድ ጭኖ ይቀመጣል፤ የሚሾመውና የሚሽረው ግን እንደራሴው ነበረ። እንደ ስሙ ከሆነ የንጉሡ ጥላ መሆን ይገባው ነበር፤ በተግባር ግን ንጉሡ የእንደራሴው ጥላ ሆነ። ይህ ሁሉ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደጃች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ራስ አሊን በአይሻል ጦርነት ድል ባደረጉ ጊዜ አለቀ። ደራሲዎቻችን ስለ ዘመነ መሳፍንት ሲጽፉ የእነዚህን ራሶች ጕልበትና ድካም ያትታሉ እንጂ የተነሡበት አገር ገበሬ ከዚያ ሥልጣን ምን አገኘ ብለው ብዙም አይጠይቁም። ለየጁ ገበሬ እነርሱ የአገሩ ልጆች እንጂ ወኪሎቹ አልነበሩም።

ገበሬው ወኪል ሲፈልግ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ግብር ሲከብደው፥ ሹም ሲበድለው፥ ድንበር ሲያጣላው፥ ከመካከሉ አንደበት ያላቸውን ሽማግሎች መርጦ ስንቅ አዋጥቶ ወደ ደጅ ይልካል። ሽማግሌዎቹም ደጅ ጠንተው «አቤት» ይላሉ፤ ቢሰሙም ባይሰሙም ተመልሰው ለላካቸው ሕዝብ ይናገራሉ። ይህ ልማድ በጽሑፍ የተደነገገ ሕግ አልነበረውም፤ ነገር ግን የውክልና ፍሬ ነገር፥ ይኸውም ሄዶ መናገርና ተመልሶ መልስ መስጠት፥ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ነበረበት። በበኩላችን ኋላ በወረቀት የመጡት ሕጎች ሁሉ በዚህ መመዘኛ ቢመዘኑ ፍርዱ የተስተካከለ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ብዕር የተሰናዳው ይህ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶችን፥ የሕግ መወሰኛውንና የሕግ መምሪያውን አቋቋመ። ለሕግ መምሪያው የሚገቡትን ሰዎች ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጧቸው ደነገገ። ከጠላት ወረራ በኋላ ምክር ቤቱ በ1935 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈትም ሕዝቡ ገና በቀጥታ ድምፅ አይሰጥም ነበር። እንግዲህ የጁም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ስሙ በአዲስ አበባ ተጠራለት፤ ጠሪውን ግን እርሱ አልመረጠውም።

ነገሩ የተለወጠው ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በወጣ ጊዜ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፥ ወንድም ሴትም፥ በሚኖርበት የምርጫ ክልል ድምፅ የመስጠት መብት አገኘ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተደረገ፤ 210 እንደራሴዎችም ገቡ፤ በመካከላቸውም ከሴቶች መጀመሪያ የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በየአራት ዓመቱ፥ በ1953፥ በ1957፥ በ1961ና በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ተደጋገመ። የፖለቲካ ማኅበር ስላልነበረ ተመራጩ የሚቆመው በራሱ ስም፥ በዘመዱ ብዛት፥ በደግነቱና በሀብቱ ነበረ። ለአውራጃው ሕዝብ «ማንን እንምረጥ» ማለት «ማንን እናውቃለን» ከማለት አይለይም ነበር።

ስለ ምርጫው ክልል ስፋት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሕጉ አገሩን ሁሉ በተቻለ መጠን ሁለት ሁለት መቶ ሺህ ሰው ወዳለባቸው ክልሎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴ ሰጠ። ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ላለበት ከተማ ደግሞ የብቻው አንድ እንደራሴ ጨመረ። የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ወልድያ በዚያ ዘመን ከዚህ ቍጥር እጅግ ታንስ ስለነበረ ለራሷ የሚሆን ወንበር አላገኘችም፤ ነጋዴዋና አስተማሪዋ፥ ጸሐፊዋና ሾፌሯ ከሀብሩ ገበሬ ጋር በአንድ ሣጥን ድምፅ ይሰጡ ነበር። ይህ በእኛ ግምት ጉዳት ብቻ አልነበረም፤ ከተሜውና ባላገሩ ስለ አንድ ሰው እንዲነጋገሩ አስገድዷልና። ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት የሚወድ ደግሞ የ1999 ዓ.ም.ን የሕዝብ ቈጠራ ይመልከት፤ ወልድያ 46 ሺህ፥ ሀብሩ ወረዳ ብቻውን ከ190 ሺህ በላይ ሕዝብ ተቈጥሮባቸዋል። በአሮጌው ሕግ ሚዛን ቢሆን ኖሮ ወልድያ የራሷን እንደራሴ፥ ሀብሩም ለብቻው ሁለት ሊያገኙ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ያው ሕግ ለመመረጥ ሌላ በር አበጅቶ ነበር። ተመራጩ 25 ዓመት የሞላው ብቻ ሳይሆን በምርጫው ክልል ውስጥ ሀብት ያለው እንዲሆን ታዘዘ። የሀብሩ ጭሰኛ ሊመርጥ ይችላል፤ ሊመረጥ ግን አይችልም። የዚህም ውጤት በምክር ቤቱ ሥራ ላይ ታየ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ከረዥም ክርክር በኋላ ጸደቀ፤ ከጥንት ጀምሮ የነበረው አሥራትም ቀረ። የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ውል ለማስተካከል የተረቀቀው ሕግ ግን በምክር ቤቱ ደጃፍ እንደ ተገተረ ዘመኑ አለፈበት። እንደራሴዎቹን ሰነፎች ነበሩ ብሎ መውቀስ አይገባም፤ ብዙዎቹ መንግሥትን ደፍረው ይከራከሩ ነበር። ሆኖም ሰው በገዛ ራሱ መሬት ላይ ሕግ እንዲያወጣ ሲጠየቅ «እንደ ራሴ» የሚለው ቃል ወደ ገዛ ራሱ ማድላቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዝናቡ እንመለስ። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በወሎ ቆላማ ስፍራዎች ዝናቡ ተዛባ፤ በ1965 ዓ.ም. ረኃቡ ጸና። የጁና በስተሰሜን ያለው የራያና ቆቦ አገር ክፉኛ ከተጐዱት መካከል ነበሩ። ቀደም ብለን የገለጽነው አውራ መንገድ፥ መኪና የሚመላለስበት፥ የተራበው ሕዝብ መሰብሰቢያ ሆነ። ገበሬው በሬውን ሸጦ፥ ቀጥሎም የቤቱን ዕቃ ሸጦ፥ በመጨረሻ ልጆቹን ይዞ ወደ መንገዱ ወረደ። በዚያው ዓመት ከወሎ የተነሡ ገበሬዎች ለአቤቱታ በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በፖሊስ ተገትተው ተመለሱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ተማሪዎችም ጮኹ።

እነሆ፥ አምስተኛው የፓርላማ ምርጫ የተደረገው በዚያው ዓመት፥ በሰኔ ወር ነበረ። ሕጉ መራጩ በክልሉ ውስጥ ነዋሪ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ቤቱን ዘግቶ እህል ፍለጋ የተሰደደ ሰው ግን የየትኛው ክልል ነዋሪ ነው? እንደራሴም ተመርጦ ቢሄድና ስለ ረኃቡ ቢጮህ፥ የሚጮህባቸውን ሚኒስትሮች የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ እንጂ ምክር ቤቱ አልነበረም። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የተቀመጡትም በንጉሠ ነገሥቱ የተመረጡ ነበሩ። ከዚህም ጋር አንድ የሚያስገርም ነገር እናክል። በዚያ ጊዜ ወሎ የአልጋ ወራሹ ግዛት በመሆኑ በደሴ ተቀምጦ ጠቅላይ ግዛቱን በስማቸው የሚያስተዳድረው ሹም እርሱም «እንደራሴ» ይባል ነበር። ስለዚህ ወሎ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት እንደራሴ ነበረው፤ በደሴ የዙፋኑ፥ በአዲስ አበባ የሕዝቡ። በደሴ ያለው የሚያስበው ላይኛው እንዳይቈጣ ነበረ፤ በአዲስ አበባ ያለው ደግሞ የሚያዝዘው ጐተራ አልነበረውም። በመካከል ያለቀው ሕዝብ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ነው። ረኃቡ ለዓለም የተገለጠው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ጆናታን ዲምብልቢ ባሳየው ፊልም ነበረ፤ የየጁ ገበሬ ድምፅ በምክር ቤቱ በኩል ሊደርስ ያልቻለበት ቦታ በባዕድ ሰው ካሜራ ደረሰ።

ከየካቲት 1966 ዓ.ም. ንቅናቄ በኋላ በባለሥልጣኖች ላይ የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሆኑ። በወሎ የደረሰው እልቂትም ከሚመረመሩት ጉዳዮች አንዱ ነበረ። ይሁን እንጂ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ፓርላማውም ተበተነ። በ1965 ዓ.ም. የተመረጡት ሰዎች ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይጨርሱ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል የጁ በሕግ የሚታወቅ እንደራሴ አልነበረውም። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ሁለተኛው ታላቅ ረኃብ የመጣው በዚሁ መካከል ነው። በፊተኛው ጊዜ አቅም የሌለው ምክር ቤት ነበረ፤ በኋለኛው ጊዜ ምክር ቤቱም አልነበረም። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 ሰዎች ተመረጡ፤ ዕጩዎቹን ግን የሠራተኞች ፓርቲ፥ የሕዝብ ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ያቀርቡ ነበር። «ሸንጎ» ጥንት ባላገር በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ የሚሟገትበት ጉባኤ ስም እንደ ነበረ ስናስብ ስሙ ከግብሩ እጅግ መራቁ ያሳዝናል። ሸንጎው በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አለፈ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት «እንደራሴ» የሚለውን ቃል ትቶ «ተወካይ» አለ፤ ምክር ቤቱም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተባለ። የድሮው አውራጃ ስም ከአስተዳደሩ ወጣ፤ ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን፥ መርሳም የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ሆኑ። አማራ ክልል ከ547ቱ ወንበሮች 138 አሉት፤ ከየምርጫ ክልሉ አንድ ሰው ብቻ ይገባል። የሀብት ግዴታም ቀረ፤ የጭሰኛ ልጅ እንዲመረጥ በሩ ተከፈተ። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚማርከን ግን ዐንቀጽ 54 ነው፤ መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከምክር ቤቱ ለማንሣት እንደሚችል ይደነግጋልና። ሽማግሌዎችን ስንቅ ሰጥቶ የሚልከውና ሲመለሱ መልስ የሚጠይቀው የጥንቱ ባላገር ይህን ዐንቀጽ ቢሰማ የራሱን ሥርዓት መልሶ የሰማ ይመስለው ነበር። በ1997 ዓ.ም. በክልሉ ከነበሩት ወንበሮች አንድ ሦስተኛ ያህሉን ተቃዋሚዎች ያዙ፤ በ2007 ዓ.ም. ግን የምክር ቤቱን 547 ወንበሮች በሙሉ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ።

ስድስተኛው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተደረገ። ሁለት ወር ሳይሞላው፥ በነሐሴ፥ ወልድያ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲሱ ምክር ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ከተማዋ ገና አልተለቀቀችም ነበር፤ ከመራጮቹ ብዙዎቹ ተሰድደው በደሴና ከዚያ ወዲያ ባሉ ከተሞች ትምህርት ቤቶችን ተጠግተው ነበር። በ1965 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሁሉ ተመራጩ አዳራሽ ሲገባ መራጩ መንገድ ላይ ነበረ። ወልድያ ነጻ የወጣችው በታኅሣሥ ወር ነው፤ ሕዝቡም ወደ ቤቱ ሲመለስ የጐደለውን መቍጠር ጀመረ።