ነጥብን በኮኦርዲኔት ጠለል ላይ ማስቀመጥ፦ የደማምና የኾባር ምሳሌ

ኮኦርዲኔት ጠለል በቀጤ ማዕዘን የሚቋረጡ ሁለት የቁጥር መስመሮች ያሉት ዝርግ ገጽ ነው። አግዳሚው መስመር ኤክስ፣ ቋሚው ዋይ ይባላል፤ መገናኛቸው መነሻ ነጥብ (0፣ 0) ነው። ሥርዓቱ ካርቴዥያን የሚለውን ስም ያገኘው የጂኦሜትሪ ሥራውን በ1637 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ከፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ነው።

አሠራር። ከመነሻው ተነሥቶ በመጀመሪያው ቁጥር ልክ ወደ ጎን፣ ከዚያ በሁለተኛው ልክ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይኬዳል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ይህን ቅደም ተከተል ሲያዛቡ ነው።

ከካርታ የተወሰደ ምሳሌ። በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት ደማም በ26°26′ ሰሜንና በ50°06′ ምሥራቅ፣ ኾባር በ26°17′ ሰሜንና በ50°12′ ምሥራቅ ገደማ ይገኛሉ። መነሻው 26° ሰሜንና 50° ምሥራቅ ላይ ቢሆን፣ አንዱ ካሬ ደግሞ አንድ ደቂቃ (′) ቢሆን፣ ደማም (6፣ 26)፣ ኾባር (12፣ 17) ይሆናሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ካርታ ሰሜኑን፣ ማለትም ዋይን፣ አስቀድሞ መናገሩ ነው። ተማሪው በተጻፈው ቅደም ተከተል (17፣ 12) ካለ ኾባር ከነሕንጻዋ ባሕር ውስጥ ትገባለች፤ (26፣ 6) ያላት ደማምም ወደ ባሕሬን ምዕራባዊ ዳርቻ ትሻገራለች። ስሕተቱን ካርታው ራሱ ያጋልጣል።

አሉታዊ ቁጥሮች። መነሻው ወደ ኾባር ቢዛወር ደማም (−6፣ 9) ሆና ሁለተኛው ሩብ (ግራ ላይኛው ክፍል) ላይ ታርፋለች። የባሕሬን ዋና ከተማ ማናማ (23፣ −4) ገደማ ሆና አራተኛው ሩብ (ቀኝ ታችኛው ክፍል) ላይ ትውላለች። ከተሞቹ ቦታቸውን አልለቀቁም፤ የተለወጠው መነሻው ብቻ ነው።

ምልክትና አቅጣጫ። በዐረብኛ በሚጻፍ ሒሳብ ኤክስ በሲን፣ ዋይ በሷድ ፊደል ይወከላሉ። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ቀዳሚው ቁጥር የቱ እንደሆነ ተማሪው ለይቶ ማወቅ አለበት።

ገደብ። ምድር ክብ ስለሆነች በ26° ሰሜን ላይ የምሥራቅ አንድ ደቂቃ 1.67 ኪሎ ሜትር፣ የሰሜኑ ግን 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ርቀት ለማስላት ደቂቃው አስቀድሞ ወደ ኪሎ ሜትር ይለወጣል፤ ከዚያ በፓይታጎረስ ቴዎረም ሲሰላ በደማምና በኾባር መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል።