ጌም ላይ ስታክ የሚያደርግ ኮምፒውተር

ስታክ ማድረግ ወይም ቀጥ ማለት ኮምፒውተር ሳይጠፋ በድንገት ሥራውን አቁሞ ለኪቦርድም ሆነ ለማውዝ መልስ የማይሰጥበት ብልሽት ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የሚታየው ጌም ሲከፈት ነው፤ ያው ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ቢጻፍበት ወይም ፊልም ቢታይበት ምንም ላይሆን ይችላል። በዚህ የተነሳ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በጌሙ ላይ ይላከካል። ሆኖም በተራ ተጠቃሚ ቤት ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በአንድ ጊዜ ሙሉ ጉልበታቸውን አውጥተው እንዲሠሩ የሚያስገድድ ፕሮግራም ከጌም ሌላ እምብዛም የለም። ጌሙ አስቀድሞ የነበረን ድካም ያጋልጣል። የድካሙ ምንጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ራም፣ ዲስክ ወይም ድራይቨር ነው።

ምንጩን ለይቶ ማወቅ የገንዘብ ጉዳይም ነው። የወረባቡ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ቢስቲማ ወይም እሷን በመሰለች ከተማ የሚኖር ሰው መለዋወጫ ፍለጋ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ ከተመለሰ በኋላ የተበላሸው ፓወር ሳፕላዩ ሆኖ ቢገኝ የካርዱ ዋጋም የመንገዱ ወጪም ባክኖ ይቀራል።

ምልክቱን መለየት

«ስታክ አደረገ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት ብልሽት አይደለም። ቀላሉ መለያ የኪቦርዱ ካፕስ ሎክ ነው። ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ሳለ ካፕስ ሎክ ሲጫኑት መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፤ የቆመው ጌሙ ወይም የግራፊክስ ድራይቨሩ ብቻ ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን በአንድ ላይ መጫን ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል፤ ምስሉ ከተመለሰ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ካርዱና ወደ ድራይቨሩ ያጋድላል። የካፕስ ሎኩ መብራት ካልተንቀሳቀሰ፣ በተለይም የመጨረሻው ድምፅ ያለማቋረጥ የሚደጋገም ከሆነ፣ መላው ኮምፒውተር ቆሟል፤ ያን ጊዜ ሙቀት፣ ራም፣ ማዘርቦርድ ወይም ፓወር ሳፕላይ ይመረመራል።

ጌሙ ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ የሚቀጥልና በዚያው ቅጽበት የዲስኩ መብራት ሳይቋረጥ የሚበራ ከሆነ ወይ ራሙ አንሶታል ወይ ሃርድ ዲስኩ እየደከመ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ስታክ ማድረግ አይባልም፤ ቀድሞ የሚጠረጠረው የኃይል አቅርቦቱ ነው። በዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ መዝገቡ ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን ብቻ ይናገራል፣ ምክንያቱን አይናገርም። ቀጥ ብሎ የቀረን ኮምፒውተር ባለቤቱ ራሱ ቁልፉን ተጭኖ ሲያጠፋውም ይኸው መዝገብ ይጻፋል።

ሙቀት

ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር በማመላለስ ስለሆነ የአየሩ ጥግግት ለውጥ ያመጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ልዩነቱ ከመቶ 17 አካባቢ ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት የሚዞር ፋን በደሴ የሚያሳልፈው የአየር ክብደት በዚያው መጠን ይቀንሳል። የደሴ ብርድ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሰዋል። የኮምቦልቻ አየር ግን ሞቅ ያለም የሳሳም በመሆኑ አቧራ የጠጣ ፋን ጉዳቱ እዚያ ቶሎ ይታያል።

የዘመኑ ፕሮሰሰሮች ሲሞቁ ወዲያው ቀጥ አይሉም፤ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። አብዛኞቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ይህን የሚያደርጉት 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ነው። ስለዚህ ጌሙ መጀመሪያ መንቀርፈፍ ጀምሮ፣ ፋኑ እየጮኸ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚቆም ከሆነ ሙቀት ተጠያቂ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በተከፈተ በደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ የሚቆም ኮምፒውተር ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እንደ ኤችደብሊውኢንፎ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ጌሙ እየተካሄደ ሙቀቱን ይመዘግባሉ።

የሙቀት መንስኤዎቹ ዘወትር ቀላል ናቸው። ኮምፒውተሩ ቡፌ ውስጥ ተሸጉጦ ወይም ከአቧራ ይጠበቅ ተብሎ ዳንቴል ለብሶ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ዳንቴሉ አቧራ ይከላከላል፤ ግን ኮምፒውተሩ ሲበራ መነሳት አለበት። አቧራ የሚጸዳው ከመብራት ከተነቀለ በኋላ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ነው፤ የፋኑ ምላጭ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዛል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ከዓመታት በኋላ ስለሚደርቅ ይጠረግና በአዲስ ይተካል። ፓወር ሳፕላይን ግን መክፈት አይገባም፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከመብራት ከተነቀሉም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ አደገኛ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

የኤሌክትሪክ ኃይል

በኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ ቮልቴጁ ግን ሁልጊዜ እዚያው አይረጋም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ሲወስድ በመስመሩ 16 አምፔር ያህል ያልፋል። ወደ ቤቱ የሚገባው ሽቦ ቀጭንና ረጅም ሆኖ 1 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ ምጣዱ በተለኮሰ ቁጥር ቮልቴጁ በ16 ቮልት ይወርዳል። ጥሩ ፓወር ሳፕላይ ይህን ይችለዋል፤ ያረጀ ወይም ከአቅሙ በላይ የተጫነ ግን በዚያች ቅጽበት ይንገዳገዳል። ኮምፒውተሩ የሚቆመው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከሆነ ለምርመራው ትልቅ ፍንጭ ነው። ስታብላይዘር ለዚህ ይረዳል። ከአንድ ዲቫይደር ላይ ኮምፒውተር፣ ቴሌቪዥንና ካውያ አብሮ መሰካት ግን ሊቀር ይገባል። ትንሽ ዩፒኤስም ቢሆን ለጌም የማይበቃ ሊሆን ይችላል፤ 650 ቪኤ የተጻፈበት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው።

ከሁሉ የሚዘነጋው የፓወር ሳፕላዩ አቅም ነው። ከቢሮ አገልግሎት ወጥተው የሚሸጡ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉ ኮምፒውተሮች ለጽሕፈት ሥራ የተበጁ ናቸው፤ የአነስተኞቹ ሞዴሎች ፓወር ሳፕላይ 240 ዋት አካባቢ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የግራፊክስ ካርድ መሰኪያ ራሱ የሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በዚሁ ይረካል፤ ጂቲኤክስ 1060 ግን 120 ዋት፣ አርኤክስ 580 ደግሞ 185 ዋት ገደማ ስለሚፈልጉ ተጨማሪ ገመድ ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለ ካርድ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ በተለያዩ ማገናኛዎች ተቀጣጥሎ ሲገጠም ዴስክቶፑ ይከፈታል፣ ፊልምም ያሳያል፤ ጌም ሲጀመር ግን ቀጥ ይላል ወይም ይጠፋል።

በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሳፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ይገኛል። ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር 115 ላይ ሊሆን ስለሚችል ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መደረግ አለበት፤ አለዚያ ይቃጠላል።

ያለ ወጪ የሚደረግ ሙከራ

በጌሙ ቅንብር ውስጥ የምስል ጥራቱን ዝቅ ማድረግና የፍሬም ብዛቱን በሰከንድ 60 ወይም 30 ላይ መገደብ ካርዱ የሚወስደውን ኃይልና የሚያመነጨውን ሙቀት ይቀንሳል። ችግሩ በዚህ ብቻ ከጠፋ ምክንያቱ ከሙቀትና ከኃይል አይወጣም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የኬዙን የጎን ክዳን ከፍቶ የክፍል ቬንትሌተር ወደ ውስጥ ማዞር ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ጥራቱ ወደ ነበረበት ተመልሶም ካልቆመ ሙቀት ነበር፤ ከቆመ ፓወር ሳፕላዩ ይጠረጠራል። ፈርማርክ ግራፊክስ ካርዱን፣ ፕራይም95 ፕሮሰሰሩንና ራሙን ለየብቻ ይፈትናሉ። ለየብቻ ሲፈተኑ ችለው አብረው ሲሠሩ የሚቆም ኮምፒውተር የኃይል እጥረት ሊኖርበት ይችላል።

ራም፣ ዲስክና ድራይቨር

ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥቶ መጫወት፣ ከዚያ ማፈራረቅ በቂ ምርመራ ነው፤ ሜምቴስት86 ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትሽ ሊያድር ይችላል። የሚንቋቋ ወይም ጤንነቱ «ጥንቃቄ» የሚል ሃርድ ዲስክ ከተገኘ ምርመራው ቆሞ ፎቶዎችና የትምህርት ፋይሎች አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣሉ። ጌም ቢጠፋ እንደገና ይጫናል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን እንዲያ አይገኝም።

ዊንዶውስ ግራፊክስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን ራሱ አስነስቶ ለመቀጠል ይሞክራል። ይህ ከተደጋገመ የቀድሞው ድራይቨር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ የተወሰደ ይጫናል። ሁልጊዜ አዲሱ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ችግሩ ከዝመና በኋላ የጀመረ ከሆነ ወደ ቀድሞው መመለስ ያዋጣል። በፍላሽ ሲገለባበጥ የመጣ ጌም ከሆነም ቫይረስ ወይም የጎደለ ፋይል ሊኖረው ስለሚችል በሌላ ጌም ማነጻጸር ይገባል።

የአምራቾች ጥፋት

አንዳንዴ ተጠቃሚው ምንም ቢያደርግ የማይስተካከል ችግር ከፋብሪካው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ካፓሲተሮቹ ጫፋቸው እያበጠ ፈንድተዋል፤ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 ከታወቁት ተጎጂዎች አንዱ ነው። በ2022 ኤኤምዲ በአንዳንድ የራይዘን ኮምፒውተሮች ላይ ከኤፍቲፒኤም የተነሳ ለአፍታ ቀጥ የማለት ችግር መኖሩን አምኖ ማስተካከያውን በባዮስ ዝመና አውጥቷል። በ2024 ደግሞ ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ከተገቢው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ በጊዜ ብዛት እንደሚጎዱ ገልጾ ማይክሮኮድ አሰራጨ፣ ዋስትናቸውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ዝመናው ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል፤ የተጎዳው ግን በመተካት እንጂ በዝመና አይድንም።

ወደ ባለሙያ መውሰድ

ባለሙያው ዘንድ ከመሄድ በፊት ጌሙ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደቆመ፣ ሙቀቱ ስንት እንደነበረ፣ የካፕስ ሎኩ መብራት ይሠራ እንደነበርና ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ምን እንደበራ መጻፍ ምርመራውን ያሳጥራል። በሱቁ ጌሙ ሳይቆም ከሠራ ኮምፒውተሩ ድኗል ማለት አይደለም፤ የቤቱ መስመር ወይም ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ከመግዛት በፊት በሱቁ ባለ ሌላ ፓወር ሳፕላይ እንዲሞከር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ዕቃ በላይ አይቀየርም፣ አለዚያ የትኛው እንደፈወሰው አይታወቅም። ረጅም መንገድ በመኪና የሚሄድ ኮምፒውተር ከባድ ግራፊክስ ካርድ ካለው ካርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይያዛል፤ በመንገዱ ንቅናቄ መሰኪያው ሊሰነጠቅ ይችላል።