ወራሹን ሳይሰይም የሞተው የጦር አበጋዝ

ስለ ጥንታዊቷ ቻይና ጥቂትም ቢሆን ያነበበ ሰው የጓንዱን ጦርነት ሳይሰማ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ200 ዓ.ም. የሰሜኑ ኃያል የጦር አበጋዝ ዩዋን ሻኦ፣ በሠራዊት ብዛት በእጅጉ በሚያንሰው በጻኦ ጻኦ የተሸነፈበት ጦርነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በቻይናውያን ስም የቤተሰቡ መጠሪያ እንደሚቀድምም አንባቢ ልብ ይበል።) የዩዋን ቤት የወደቀው ያን ጊዜ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሽንፈቱ በኋላም ከቢጫ ወንዝ በስተሰሜን ያሉት አራት ክፍላተ ሀገር በዩዋን ሻኦ እጅ ነበሩ። በሽንፈቱ ሰበብ ያመፁበትን ከተሞችም መልሶ ያዘ። ጻኦ ጻኦም እሱ በሕይወት ሳለ ወደ መናገሻው ወደ ዬ ከተማ አልዘለቀም። ቤቱን ያፈረሰው ዩዋን ሻኦ በ202 ዓ.ም. ታሞ ሲሞት ሳይመልሰው የሄደው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወራሹ ማን ነው?

ዩዋን ሻኦ ከየትም የተነሳ ሽፍታ አልነበረም። ቤተሰቡ በሃን ሥርወ መንግሥት ለአራት ተከታታይ ትውልዶች ከሦስቱ ታላላቅ የመንግሥት ሹመቶች ያልታጣ ነው። እሱ ራሱ ግን እንደሚነገረው የዕቁባት ልጅ ነበር፤ ለሟች አጎቱ ወራሽ እንዲሆን ተብሎ በጉዲፈቻ ተሰጠ። ከሕጋዊት ሚስት የተወለደው ዩዋን ሹ በዚህ የተነሳ የቤታችን ባሪያ ነው እያለ ይንቀው ነበር። ሁለቱም የጦር አበጋዞች ሆነው እርስ በርስ በጠላትነት ኖሩ። እንግዲህ የልደትና የጉዲፈቻ ነገር ሰውን ምን ያህል እንደሚያቆስል ከዩዋን ሻኦ በላይ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ነው።

ይህ ሰው በራሱ ልጆች ላይ ያደረገውን እንይ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ሦስት ወንዶች ልጆቹ ናቸው፤ በኩሩ ታን፣ መካከለኛው ሺ፣ ታናሹ ሻንግ። ሻንግ መልከ መልካም ነበር፤ የአባቱ የኋለኛ ሚስት ወይዘሮ ሊዩም ታደላለት ነበር። የአባትየውም ልብ ወደዚያው አዘነበለ። ስለዚህ ታንን ለሟች ታላቅ ወንድሙ ወራሽ አድርጎ ሰጠውና ቺንግ የተባለውን ክፍለ ሀገር እንዲያስተዳድር ወደ ምሥራቅ ላከው። እኔ የሕግ ሰው በመሆኔ ይህች ነጥብ ታስቆመኛለች። በዘመኑ ሥርዓት መሠረት ለሌላ ሰው ወራሽነት የተሰጠ ልጅ የወላጅ አባቱን ቤት አይወርስም፤ ለአባቱ የወንድም ልጅ ሆነ ማለት ነው። እንግዲያው ዩዋን ሻኦ በኩሩን በሕግ መንገድ ከቤት አወጣው፤ ነገር ግን ወራሼ ሻንግ ነው ብሎ በአደባባይ አልተናገረም። በሩን ዘጋ፤ ቁልፉን ግን ለማንም አልሰጠም።

ጁ ሾው የተባለ አማካሪው በወቅቱ አስጠንቅቆት ነበር። ያቀረበው ምሳሌ ለሕግ ተማሪ የሚሰጥ ነው። ጥንቸል በመንገድ ላይ ስትሮጥ አሥር ሺህ ሰው ያባርራታል፤ አንዱ ሲይዛት ግን ስግብግቡም ሁሉ እጁን ይሰበስባል፤ የማን እንደሆነች ታውቋልና። ዩዋን ሻኦ የሰጠው መልስ ልጆቼ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፍለ ሀገር ይዘው ችሎታቸውን ልይ የሚል ነበር። ዮው የተባለውን ለሺ፣ ቢንግን ለእህቱ ልጅ ሰጠ፤ ሻንግን ከራሱ ጋር በዬ አስቀረው። ለፈተና የሚሆን አሳብ ሊሆን ይችላል። ግን እያንዳንዱ ተፈታኝ የራሱ ጦር፣ የራሱ ግብርና የራሱ አማካሪ ያለው ፈተና ነው፤ ፈታኙ ሲሞት ውጤቱን የሚያነብ የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከልጆቹ ይልቅ አማካሪዎቹን እከሳለሁ። ሸን ፔይና ፓንግ ጂ ከሻንግ ጋር፣ ጉዎ ቱና ሺን ፒንግ ከታን ጋር ነበሩ። ዩዋን ሻኦ ሲሞት አብዛኛው ሹም በኩሩ ይሁን ይል ነበር። ሸን ፔይና ፓንግ ጂ ግን ታን ከነገሠ ባላንጣዎቻችን ያጠፉናል ብለው ፈሩና ሻንግን አስቀመጡ። በምን ሥልጣን? እዚህ ላይ ሁለቱ ታላላቅ የታሪክ ምንጮች ይለያያሉ። በሦስተኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው ቼን ሾው የሟቹን የቆየ ፍላጎት ተከትለው ነው ይላል። በአምስተኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው ፋን ዬ ደግሞ የሐሰት ኑዛዜ አዘጋጅተው ነው ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ቃሎች የግድ አይጣሉም፤ የሐሰት ወረቀት የሟቹን እውነተኛ ፍላጎት ሊናገር ይችላል። ችግሩ ሟቹ ራሱ ስላልተናገረ ማንም ወገን ሌላውን ማሳመን አለመቻሉ ነው።

ወይዘሮ ሊዩ ባሏ ገና ሳይቀበር አምስት ዕቁባቶቹን አስገድላለች የሚል ታሪክም አለ። ይህን የጻፈው ግን የጻኦ ጻኦ ልጅ ጻኦ ፒ በመሆኑ፣ ምስክሩ ከጉዳዩ ነፃ አይደለም።

ታን ሲደርስ ቦታው ተይዟል። አባቱ በአንድ ወቅት ለራሱ የሰጠውን የሠረገላና የፈረሰኛ ጦር ጄኔራልነት ማዕረግ እሱም ለራሱ ሰጥቶ በሊያንግ ሰፈረ። ሻንግ ጥቂት ወታደር ሰጥቶት ፓንግ ጂን እንዲከታተለው ላከበት። በዚያው ዓመት ጻኦ ጻኦ ወንዙን ተሻግሮ ሲመጣበት ታን ተጨማሪ ጦር ጠየቀ፤ ሸን ፔይና ሻንግ ከለከሉት፤ ታንም በንዴት ፓንግ ጂን ገደለው። ይህም ሆኖ ሻንግ ራሱ ጦር ይዞ መጣና ሁለቱ ወንድማማቾች እስከ 203 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አብረው ተዋጉ። ተሸንፈው ወደ ዬ ቢያፈገፍጉም ጠላት በር ላይ እስካለ ድረስ አልተለያዩም።

የጻኦ ጻኦ አማካሪ ጉዎ ጂያ ይህን አይቶ ያቀረበው ምክር የጦርነት ሳይሆን የቤተሰብ ዕውቀት ነበር፤ ከገፋናቸው ይተባበራሉ፤ ከተውናቸው ይባላሉ። ጻኦ ጻኦ በደቡብ በሚገኘው በሊዩ ቢያኦ ላይ የሚዘምት መስሎ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ወንድማማቾቹ በዬ ከተማ በር ላይ ተዋጉ። ታንን ያነሳሱት ጉዎ ቱና ሺን ፒንግ ነበሩ፤ አባትህ ለሌላ እንዲሰጥህ የመከረው ሸን ፔይ ነው አሉት። የድሮዋ የጉዲፈቻ ቁስል እዚህ ላይ አመረቀዘች። ዋንግ ሺዩ የተባለ ሹም ወንድማማቾች እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው፤ ወደ ጠብ የሚሄድ ሰው ቀኝ እጁን ቆርጦ አሸንፋለሁ ይላል ወይ ብሎ ለመነው፤ አልሰማም። ሊዩ ቢያኦም ለሁለቱም የማስታረቂያ ደብዳቤ ላከላቸው። የሚገርመው እሱም ታላቁን ልጁን አርቆ ታናሹን አስቀምጦ በ208 ዓ.ም. ሲሞት፣ ታናሹ ግዛቱን ሳይዋጋ ለጻኦ ጻኦ አስረከበ።

ታን ተሸንፎ ሲከበብ የሺን ፒንግን ወንድም ሺን ፒን ወደ ጻኦ ጻኦ ልኮ እርዳታ ጠየቀ፤ የታን ሴት ልጅም ለጻኦ ጻኦ ልጅ ተዳረች። በ204 ዓ.ም. ሻንግ ዬን ለሸን ፔይ ትቶ እንደገና በታን ላይ ሲዘምት ጻኦ ጻኦ ከተማዋን ከበበ። ዙሪያዋን 40 ሊ፣ ማለትም ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ መጀመሪያ ጥልቀት ስላልነበረው ሸን ፔይ ከቅጥሩ ላይ ሆኖ ሳቀ፤ ወጥቶም አላስቆመም። በአንድ ሌሊት ግን ወደ አምስት ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ተቆፈረና የጃንግ ወንዝ ተለቀቀበት። ከከተማው ሕዝብ ከግማሽ በላይ በረሃብ እንዳለቀ ተጽፏል። ስለ ኑዛዜው ማንም ያልጠየቃቸው፣ ከሁለቱ የማንኛውም መንገሥ የማይጠቅማቸው ሰዎች ናቸው።

ሻንግ ከበባውን ለመስበር መጥቶ ተሸነፈ። የሸን ፔይ የገዛ የወንድሙ ልጅ በሌሊት በር ከፈተ። ሸን ፔይ ተማርኮ ከመገደሉ በፊት በዬ ታስረው የነበሩትን የሺን ፒንግ ቤተሰቦች አስፈጅቶ ነበር፤ ሺን ፒ እነሱን ሊያድን ቢሮጥም አልደረሰም። ሸን ፔይ ሲገደል ጌታዬ በሰሜን ነው ብሎ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ ይባላል። ጻኦ ጻኦ ደግሞ በወጣትነት ወዳጁ በነበረው በዩዋን ሻኦ መቃብር ላይ አለቀሰ፤ ለወይዘሮ ሊዩም ንብረቷን መለሰላት። የሺን ሚስት ወይዘሮ ጀንን ግን ልጁ ጻኦ ፒ አገባት፤ የወለደችለትም ልጅ በ226 ዓ.ም. የዌይ ንጉሠ ነገሥት ሆነ።

የቀረው አጭር ነው። ታን ውል አፍርሰሃል ተብሎ ሴት ልጁ ተመለሰችለት፤ በ205 ዓ.ም. መጀመሪያ በናንፒ ተገደለ። ሻንግና ሺ ወደ ሰሜን ዘላኖች ሸሹ፤ በ207 ዓ.ም. ዘላኖቹም ሲሸነፉ ወደ ሊያኦዶንግ ገዥ ወደ ጎንግሱን ካንግ ተሰደዱ። የጻኦ ጻኦ መኮንኖች እንከተላቸው ቢሉ እሱ እምቢ አለ፤ ብገፋ ይተባበራሉ፣ ብተው ይባላሉ በሚለው በዚያው የጉዎ ጂያ ስሌት። ጎንግሱን ካንግም የሁለቱን ጭንቅላት ቆርጦ ላከለት።

ከዓመታት በኋላ ጻኦ ጻኦ ራሱ በታላቁ በጻኦ ፒና በባለቅኔው በጻኦ ጂ መካከል ማመንታት ጀመረ። ሸምገል ያለውን አማካሪውን ጂያ ሹን ለብቻው ጠርቶ ጠየቀው፤ ጂያ ሹ ዝም አለ። ለምን አትመልስም ሲለው አንድ ነገር እያሰብኩ ነበር አለ። ምን ቢለው፣ የዩዋን ሻኦንና የሊዩ ቢያኦን፣ የአባቶቹንና የልጆቹን ነገር ነው አለው። ጻኦ ጻኦ ከት ብሎ ሳቀ። በ217 ዓ.ም. ጻኦ ፒ ወራሽ መሆኑ በይፋ ተነገረ።