ከ50 ወደ 4.5 ሚሊግራም

በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ መልቲፕል ስክለሮሲስን ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው ሲገልጹ፣ የሚገታው መድኃኒት አልነበረም። ሰውነት የገዛ ነርቮቹን ሽፋን እያጠቃ እግር ያስራል፣ ዓይን ይጋርዳል። አካሄዱን የሚያዘገየው ቤታ ኢንተርፌሮን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1993 ነው። ያን ያህል ዘመን ባዶ እጁን የቆየ ሕመምተኛ በጭላንጭል ቢንጠለጠል እኔ አልፈርድበትም።

ጭላንጭሉ የመጣው ካልተጠበቀ ወገን ነው። በ1963 የተቀመመው ናልትሬክሶን በ1984 በአሜሪካ የተፈቀደው ከሄሮይንና ከመሰሎቹ ሱስ ለሚላቀቁ ሰዎች፣ በቀን 50 ሚሊግራም እንዲወሰድ ነበር። ሄሮይን አንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የኒውዮርኩ ሐኪም በርናርድ ቢሃሪ ለኤድስ ሕሙማን መጠኑን ወደ 3 ሚሊግራም ገደማ አወረዱት። እንደ እሳቸው ግምት ማታ የተወሰደች ጥቂት መድኃኒት ያንን ቦታ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ትዘጋለች፤ ሰውነትም የጎደለበት መስሎት ኢንዶርፊንን፣ የራሱን ሕመም ማስታገሻ፣ አብዝቶ ያመነጫል፤ ይህም የመከላከል አቅሙን ያስተካክላል። ብዙ ሳይቆይ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን ይህንኑ መሞከር ጀመሩ። ትንሿ መጠን በፋብሪካ ስለማትመረት መድኃኒት ቀማሚዎች ያዘጋጁላቸው ነበር።

ምርመራው ግን ከወሬው ኋላ ቀረ። በ2008 ጣሊያን ውስጥ 40 ሕሙማን ለ6 ወር ወስደውት የጡንቻቸው መገታተር ቀለል አለ፤ የሚነጻጸሩበት ቡድን ግን አልነበረም። በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ 80 ሰዎች ተመዘገቡ፤ እያንዳንዳቸው 8 ሳምንት 4.5 ሚሊግራም፣ 8 ሳምንት ደግሞ ማስመሰያ ክኒን እንዲወስዱ ነበር። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 60 ናቸው። መድኃኒቱን ሲወስዱ መንፈሳቸው ተሻለ፤ አካላዊው ውጤት ግን አልተለወጠም። በዚያው ዓመት በኢራን 96 ሰዎች የተሳተፉበት የ17 ሳምንት ጥናት ልዩነት አላገኘም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። የባለቤትነት መብቱ ያበቃ ርካሽ ክኒን የሚያተርፈው ኩባንያ ስለሌለ፣ ለዓመታት የሚዘልቅና መቶዎችን የሚያካትት ጥናት ወጪውን የሚሸፍንለት አጣ። በ2013 የኖርዌይ ቴሌቪዥን ስለ መድኃኒቱ ዘጋቢ ፊልም ሲያሳይ ተጠቃሚው በአንድ ጊዜ ጎረፈ። የአገሪቱን የመድኃኒት ማዘዣ መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች በ2017 ሲጽፉ፣ ናልትሬክሶን የጀመሩት የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን የሌሎች መድኃኒቶች ፍጆታቸው እንዳልቀነሰ አመለከቱ።