ከቆዳ እስከ በጠጥ፦ ስሜን በዲኤንኤ መሣሪያዎች ሲነበብ

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስሜንን ሲጎበኝ፣ አንድን እንስሳ ለማጥናት መጀመሪያ መግደል ግድ ነበር። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ በደባርቅ አልፈው ወደ ተራራው የወጡ ተመራማሪዎች ከእንስሳው የሚፈልጉት ነገር እያነሰ መጥቷል። ይህን ያመጣው ከስሜን ርቆ፣ በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ሥራ ነው።

በ1970 ሐሚልተን ስሚዝና ባልደረቦቹ ዲኤንኤን በተወሰነ የፊደላት ቅደም ተከተል ላይ ብቻ የሚቆርጥ ኢንዛይም ማግኘታቸውን አስታወቁ። ቁራጮቹን በመጠን የሚለየው ጄል ነው። ዲኤንኤ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት በጄሉ ውስጥ ወደ አዎንታዊው ጫፍ ይጓዛል፤ አጭሩ ይቀድማል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። በ1977 ፍሬድሪክ ሳንገር ፊደላቱን በተራ የማንበቢያ ዘዴ ጨመረበት። ችግሩ እነዚህ ሁሉ ብዙና ንጹሕ ዲኤንኤ መጠየቃቸው ነበር።

ያን ችግር የፈታው ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው፣ ፒሲአር የተባለው ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ ነው። ናሙናው እስከ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ይላቀቃሉ፤ ወደ 55 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ አጫጭር መነሻዎች ቦታቸውን ይይዛሉ፤ በ72 ዲግሪ ደግሞ ሌላ ኢንዛይም ቅጂውን ይሠራል። ይህ ኢንዛይም ሙቀቱን የሚችለው በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውሃ ከተገኘ ባክቴሪያ ስለመጣ ነው። በየዙሩ እጥፍ እየሆነ ከሄደ፣ ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ፍሬ ቶሎ ታየ። በ1994 ዳዳ ጎቴሊና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት በባሌ የዌብ ሸለቆ አንዳንድ ቀይ ቀበሮዎች ከውሻ መዳቀላቸው ታወቀ። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ዲኤንኤ የቀበሮ ሆኖ መገኘቱ ደግሞ አባቶቹ ወንድ ውሾች መሆናቸውን አሳየ። ውሾች ባሉበት በስሜንም ይህ ውጤት ሊዘነጋ አይገባም። የዋልያው ተራ ሲደርስ ኢትዮጵያዊው በሪሁን ገብረመድህንና ባልደረቦቹ በ2009 የዘረመል ብዝኃነቱ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን አሳተሙ። ለእንዲህ ያለ እንስሳ በጠጥ ትልቅ ሀብት ነው። ከአንጀት ተፍቆ የወጣ ሕዋስ ላዩ ላይ ስለሚቀር፣ በቶሎ ተለቅሞ በአልኮል ከተቀመጠ ወይም ከደረቀ ለፒሲአር ይበቃል፤ እንስሳውም አይነካም።

ሰዎችም ተጠንተዋል። በ2002 ሲንቲያ ቢል ከኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድህንና ከሌሎች ጋር፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚገኘው የስሜኑ አምባራስ ነዋሪዎች የደም ሄሞግሎቢን መጠን ከባሕር ጠለል ሰው እንደማይለይ አሳተሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ የተራራው አማሮች ከሊማሊሞ በታች ካሉት የዛሪማ ሰዎች ጋር በዲኤንኤ ሲነጻጸሩ፣ እንደነሱ በከፍታ የሚኖሩትን የቲቤታውያንን ሄሞግሎቢን የሚያብራሩት የዘረመል ልዩነቶች እዚህ አልሠሩም። የእኛ ደገኛ አየር ያጠረውን ኑሮ የለመደው በራሱ መንገድ ነው።

በጠጥ የማይመልሰው ጥያቄ ግን አለ። በ2022 የታተመ የጭላዳ ጂኖም ጥናት የሰሜኖቹ ጭላዳዎች ሰባተኛ ክሮሞሶም ለሁለት መከፈሉን አሳየ፤ እነሱ 44 ክሮሞሶም ሲኖራቸው የመካከለኛው ኢትዮጵያዎቹ 42 አላቸው። ክሮሞሶም የሚቆጠረው በመከፋፈል ላይ ባለ ሕያው ሕዋስ ነው፤ ሕያው ሕዋስ ደግሞ ረጅም መንገድ በቀላሉ አይችልም። ጭላዳን ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ማዛወር ቢታሰብ ይህ ቆጠራ መቅደም አለበት፤ ሕዋሱም ሳይሞት በቀላሉ የሚደርሰው ባሕር ማዶ ሳይሆን ቅርብ ያለችው ጎንደር ነው።