የመለኪያ መሣሪያዎች ተራ ቁጥር እንደ ታሪክ ማስረጃ

በኤሌክትሮኒክስ መለኪያ መሣሪያ ጀርባ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር የሚመረምር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መሣሪያው የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ነው። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ አይደለም። ይህንኑ በሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች አሠራር ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሂውሌት ፓካርድ በ1939 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ዕቃው የድምፅ ሞገድ አመንጪ ሲሆን ስሙ 200ኤ ተባለ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዴቪድ ፓካርድ በኋላ እንደ ገለጹት፣ ይህ ቁጥር የተመረጠው ኩባንያው ጀማሪ መሆኑ እንዳይታወቅበት ነው። እንግዲህ ከ200 በፊት 199 ዓይነት መሣሪያ ነበረ ብሎ የሚቈጥር ተመራማሪ ገና ከደጃፉ ይስታል ማለት ነው።

ኩባንያው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሠራበት ሥርዓት ተራ ቁጥሩ አራት አኃዝ፣ አንድ የላቲን ፊደልና አምስት አኃዝ ነበረው። ለምሳሌ 2217ኤ00345 የሚለውን እንውሰድ። 22 በ1960 ላይ ሲደመር 1982 ይሆናል፤ 17 የዓመቱ ዐሥራ ሰባተኛ ሳምንት ነው። ፊደሉ አገሩን ያመለክታል፤ ኤ አሜሪካን፣ ጂ ምዕራብ ጀርመንን፣ ጄ ጃፓንን፣ ዩ ብሪታንያን። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው «መሣሪያው በዚያ ሳምንት ተሠራ» ይላል። ነገር ግን አራቱ አኃዞች የሚናገሩት ንድፉ ለመጨረሻ ጊዜ ጉልህ ለውጥ ያገኘበትን ሳምንት ነው። ሌላ ለውጥ እስኪመጣ ድረስ ያው ቁጥር ይቀጥላል፤ የሚለወጡት የመጨረሻዎቹ አምስቱ ብቻ ናቸው። በ1984 የተገጣጠመ መሣሪያም 2217 ሊባል ይችላል።

ይህ የሆነበት ምክንያት ቁጥሩ የተጻፈው ለጠጋኙ በመሆኑ ነው። የጥገናው መጽሐፍ ለየትኞቹ ቁጥሮች እንደሚያገለግል ያስታውቃል፤ ቀደም ላሉትም የተለየ ምዕራፍ አለው። ቁጥሩን ሳያስተያይ የሚጠግን ሰው በመሣሪያው ውስጥ የሌለ ክፍል ሲፈልግ ይውላል፤ ወይም ይባስ ብሎ የማይስማማውን ይተክልበታል። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ተመሳሳይ ችግር ያውቃሉ፤ ጸሓፊው የቀድሞውን መጽሐፍ መደምደሚያ ከነዘመኑ ሲገለብጥ ዘመኑ የእናቲቱ እንጂ የልጂቱ አይሆንም።

በ1946 በኦሬጎን የተመሠረተው ቴክትሮኒክስ በሌላ መንገድ ሄደ። በኋለኞቹ መጻሕፍቱ እንደ ተገለጸው፣ ቢ የሚለው ፊደል ቢቨርተንን ያመለክታል፤ በ1 የሚጀምረው የገርንዚ ደሴትን፣ በ2 ለንደንን፣ በ3 ጃፓንን፣ በ7 ኔዘርላንድን። የቀረው ተከታታይ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ከራሱ ዓመት አይወጣም።

ስለዚህ ዘመኑን የሚሻ ሰው ክዳኑን መክፈት አለበት እንላለን። በብዙ የተቀናጁ ሰርኪዩቶች ላይ የተሠሩበት ዓመትና ሳምንት በአራት አኃዝ ታትሟል፤ 8430 ቢል በ1984 ሠላሳኛው ሳምንት ነው። መሣሪያው ከክፍሎቹ ቀድሞ ሊገጣጠም አይችልምና ይህ ከጀርባው ቁጥር ይበልጥ የታመነ ምስክር ነው። ብቻ አንድ ክፍል በጥገና ጊዜ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ብዙዎቹን ማየትና የብየዳውንም መልክ ማስተያየት ያስፈልጋል።